ቃጫ የተጠመጠመበት ቃጭል

ልጅ ሳለሁ፣ ያኔ ዲላ ላይ መብራት በሳምንት ሁለትና ሦስት ጊዜ ሲጠፋ የግቢያችን እናቶች ሁሉ ያማርሩ ነበር፤ እኛ ልጆች ግን በሆዳችን ደስ ይለናል። መብራት ከጠፋ እቴቴ አስካለ የከሰል ምድጃዋን በሯ ላይ አውጥታ በቆሎ ትጠብሳለች፣ በቆሎ ከጠበሰች ደግሞ ተረት መከተሉ አይቀርም። ኩራዟን ከኋላዋ መስኮቱ ላይ ታስቀምጠዋለች፤ ጭሱ ከመስኮቱ በላይ ያለውን ግድግዳ እንደ ድስት ቂጥ አጥቁሮት ነበር። ፊቷ በፍሙ ከታች ወደ ላይ ሲበራ የመቶ ዓመት አሮጊት ትመስለኝ ነበር፤ አሁን ቁጭ ብዬ ሳሰላው ያኔ አርባም አልሞላትም። ቀን ቀን ቡና መጋዘን ለቀማ ስለምትውል ጣቶቿ ማረፍ አያውቁም፤ እያወራች እንኳ ከቀሚሷ ላይ የሌለ ጥሬ ትለቅም ነበር።

እቴቴ የምላት ዘመዴ ሆና አይደለም። ግድግዳ ለግድግዳ ጎረቤታችን ነበረች፤ ልጅ አልነበራትም፤ የግቢው ልጅ ሁሉ እቴቴ ይላታል። ብዙ ተረት ታውቃለች፤ እኛ ግን አንዱን ብቻ ነበር ደጋግመን የምናስተርታት፣ የቃጭሏን ልጅ።

ከወናጎ በላይ፣ ቡናው እንሰት ሥር በሚበቅልበት ተራራ ላይ፣ ስዊሶች ነበሩ ብላ ትጀምራለች። ስዊስ ምን እንደሆነ አናውቅም፤ እኔማ የሆነ የጅብ ዓይነት ይመስለኝ ነበር። ባልየውን አገሬው ሙሴ ይለዋል፣ ሚስቱን ማዳም። ከበረዶ አገር ቡና ሊያጥቡ መጥተው የእንጨት ቤት ሠሩ፣ በረንዳው ላይ አበባ ደረደሩ፤ ሁለት ሦስት ቤተሰብ ከዚያው ከአገራቸው ተከትሏቸው መጣና መንደር ሆነ፤ ስሙም ሙሴ ሰፈር ተባለ። ማዳም ከላሞቿ ወተት ሰፌድ ሰፌድ የሚያህል ፎርማጆ፣ የፈረንጅ አይብ፣ ትሠራና ምድር ቤት መደርደሪያ ላይ ታስተኛዋለች። ፎርማጆው ደግሞ እንደ አራስ ልጅ ነው፤ በየቀኑ በጨው ውኃ ይታጠባል፣ ይገለበጣል። እሱን የምታገላብጥ አንዲት ልጅ ነበረች፤ እጇ ትንሽ ስለሆነ በመደርደሪያው መካከል ይገባል።

አንድ ቀን አንዱ ፎርማጆ ተቆርሶ ተገኘ። አይጥ ነው የቆረሰው፤ ማዳም ግን ልጅቷ ናት አለች። የጥጃ ቃጭል ከነጠፍሩ አመጣችና አንገቷ ላይ አሰረችላት፤ ልጅቷ የት እንዳለች፣ ምድር ቤት ይሁን ማድ ቤት ይሁን ሽንት ቤት፣ ማዳም በረንዳዋ ላይ ተቀምጣ እንድትሰማ። እዚህ ላይ እቴቴ ድምፁን ታሰማናለች፤ «ቅልጭ ቅልጭ፣ ምድር ቤት ናት፤ ቅልጭ፣ ቆመች፤ ምን ልትሠራ ቆመች?» እያለች። እኛ በሳቅ እንፈርሳለን። ከዚያ ልጅቷ ዘዴ ታመጣለች። ከእንሰት ፋቂዎቹ ዘንድ አንድ ጭብጥ ቃጫ ለምና የቃጭሉ ምላስ ላይ ትጠመጥመዋለች፣ እንዳይፈታም በቡላ ትለስነዋለች። ቃጭሉ ዝም ይላል። እሷም ድምፅ ሳታሰማ ምድር ቤት ወርዳ አንዱን ፎርማጆ ከዳር እስከ ዳር ትበላና፣ ቃጭሉን የጥጃው በረት ምስማር ላይ ሰቅላ፣ ሆዷን እየነፋች ወደ ዲላ ትወርዳለች።

ያ የሆዷ ነገር ደስታችን ነበር። ያኔ ስንቶቻችን ሆዳችን ሳይሞላ እንደምንተኛ እቴቴ ታውቅ ነበር። «ሙሉውን በላችው?» እንላታለን፤ «ቅርፊቱን እንኳ አላስቀረችም» ትላለች።

እኔ ከሁሉም ባሰብኝ። አንድ ቀን የሳርዲን ቆርቆሮ ውስጥ ጠጠር ከትቼ፣ በገመድ አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ፣ ግቢውን እየዞርኩ ሳንቋቋ እቴቴ ከሥራ ስትመለስ አየችኝ። ትስቃለች ብዬ ነበር። ቋጠሮውን ፈታች፣ ቆርቆሮውን ኪሷ ከተተች፣ ትልቁን በቆሎ ለእኔ ሰጠችኝ። ለምን ብዬ አልጠየቅሁም፤ በቆሎውን በላሁ።

አሁን እኔ ራሴ ጎልማሳ ሆኜ ገበያ ውስጥ አቮካዶና ሙዝ እሸጣለሁ፤ የማላውቀው ሰውና የማልሰማው ወሬ ትንሽ ነው። አምና አቶ ዳንኤል የሚባል ሰው መደቤ ላይ መጥቶ ቆመ። የዚያ የሙሴ ካቦ የነበረ ሰው የልጅ ልጅ ነው፤ ቡና ያቀርባል፣ ጃኬቱን በሙቀትም አያወልቅም። ሙሴ ሰፈርን የስዊስ ቅርስ ከተማ ሊያደርጉት ኮሚቴ አቋቁመዋል፤ ደርግ መሬት ሲወርስ ለቀው የሄዱት የእነሙሴ የልጅ ልጅ ልትጎበኝ ትመጣለች፤ የድሮውን ነገር የሚያውቅ ሰው እንፈልጋለን አለ። እኔ ምን ይቆጥበኛል። ሙዙን አስቀምጬ፣ ቆሜ፣ በእጄም በአንገቴም እያሳየሁ፣ የቃጭሏን ነገር አወራሁለት። ሲስቅልኝ ደግሞ ጨመርኩበት፤ አንዷን ልጅ የቤቱ ልጆች ሁሉ አደረግኋት። «እዚያ ቤት ሴት ልጅ ያለ ቃጭል አትወጣም ነበር» አልኩት። ስልኩ ላይ ጻፈው። ማን ነገረሽ ሲለኝም የእቴቴን ቤት በጣቴ አሳየሁት።

በሳምንቱ መጣ። እቴቴ አሁን ሰባ አልፏታል፤ ዛሬም ጎረቤቴ ናት፤ ለቀማ ከተወች ቆይታለች፣ ጣቶቿ ግን አልተዉም። ዳንኤል «እናቴ፣ የክብር እንግዳችን ነሽ፤ ከፊት ወንበር ትቀመጫለሽ» አላት። አሻፈረኝ አለች። ዓይኔ፣ ጉልበቴ፣ መንገዱ እያለች ስትደረድር፣ ሊያባብላት ብሎ የቤቱን ዕቃ መቁጠር ጀመረ፤ አያቱ ሳይሸጥ ያቆየው ሰዓት አለ፣ የወተት ባልዲ አለ፣ ግድግዳው ላይ የተሰቀለ አንድ ቃጭልም አለ፣ ግን አይጮኽም።

«ለምን አይጮኽም?» አለች እቴቴ።

«ምላሱ ላይ ቃጫ ተጠምጥሞበታል። ቅርስ ነው ብለን አልነካነውም።»

ጣቶቿ ቆሙ። በዚህ ሁሉ ዘመን ቆመው ያየኋቸው ያን ቀን ብቻ ነው። እመጣለሁ አለችው። እሱ ሲወጣ እጇ ሳታውቀው ወደ አንገቷ ሄደ፣ ያኔ እኔም ገባኝ፤ መብራት በጠፋ ቁጥር ስንስቅባት የኖርነው ልጅ ማን እንደሆነች ገባኝና ፊቴን የምደብቅበት አጣሁ። እቴቴ ግን አላለቀሰችም። «ያ ቃጭል ከግድግዳ ይውረድልኝ። ሌላ የምፈልገው ነገር የለም» አለችኝ።

ቅዳሜ ጠዋት እስከ ወናጎ በሚኒባስ፣ ከዚያ ወዲያ ተራራውን በባጃጅ ወጣን። ጭቃው ቀይ ነው፣ እንሰቱ ከሁለት ወገን ይታከካል። ሙሴ ሰፈር ስንደርስ መጀመሪያ የተቀበለን የትኩስ ቀለም ሽታ ነው፤ መንገድ ዳር ያለውን አጥር ሁሉ ቀይና ነጭ ቀብተውታል። የዋናው መንገድ ፊት እንዲህ ሲያምር፣ ከአጥሩ ጀርባ የቡና ማጠቢያው እጣቢ በቦይ እየወረደ ይሸታል፤ ልጆች እሱን ዘለው ወደ በዓሉ ይመጣሉ። ለቀለሙ የወጣው ጉልበት ለቦዩ ቢወጣ ምን ነበረበት አልኩ በልቤ። በሩ ላይ በረዶ የለበሰ ተራራ ያለበት ሸራ ሰቅለዋል። በረዶውን ያየ አንድ ሰው እንኳ ከተማው ውስጥ የለም።

ከሁሉ የቀፈፈኝ የከተማው ሰው ደረቱ ላይ የለጠፈው ወረቀት ነው። «የስዊስ ዘር» ይላል። ቀላ ያለ ሁሉ ለጥፏል፣ ያልቀላውም ለጥፏል። ዲላ ገበያ ሽንኩርት ስትሸጥ የማውቃት ሴትዮ ለጥፋ አገኘኋት። እናት አባቷን አውቃቸዋለሁ፣ ሁለቱም ከቡሌ የወረዱ ደጋ አራሾች ነበሩ።

«አንቺ ደግሞ ከመቼ ወዲህ ነው?» አልኳት።

«አፍንጫዬን አታዪውም?»

«አየሁት። ጉንፋን ይዞታል።»

ተቆጥታ ዞረች። እሷ እንኳ ትሻላለች፣ ወረቀት ብቻ ነው የለጠፈችው፤ የባሰው ኋላ መጣ።

እቴቴን ከፊት አስቀመጧት። ረጅም ጸሎት ሆነ፣ ከጸሎቱ የረዘመ ንግግር ሆነ። ዳንኤል ሙሴን አባታችን አለው፣ ማዳምን እናታችን። እናት ለነበራቸው ሰዎች ማዳምን እናት አድርጎ ሲሰጣቸው ሕዝቡ አጨበጨበ። የመጣችው የልጅ ልጅ ሃምሳ የሚሆናት ረጅም ሴት ናት፤ ተራ ነጠላ ጫማ አድርጋለች፣ በረንዳውን ስታይ እንባዋን ጠረገች። በእሷ አልፈርድም። የምታየው አበባውን ነው፤ ሌላ ማን አሳያትና።

ከዚያ ስድስት የትምህርት ቤት ሴት ልጆች ገቡ። አንድ ዓይነት ነጭ ሸሚዝ ለብሰዋል፣ እጃቸውን አያይዘዋል፣ አንገታቸው ላይ ደግሞ እያንዳንዳቸው ቃጭል አስረዋል። ዲላ ገበያ የፍየል ቃጭል የሚሸጠውን ሰውዬ አውቀዋለሁ፣ ቃጭሉም የእሱ ነው። ዳንኤል በድምፅ ማጉያው «የከተማችን የስዊስ ባህላዊ ጌጥ» አለ። ልጆቹ ዘለሉ፤ ቅልጭ ቅልጭ፣ ቅልጭ ቅልጭ። ትንሿ ጠፍሩ ስለጎረበጣት አንገቷን እያከከች ነው የምትዘለው። ሕዝቡ ያጨበጭባል፣ ስልክ ሁሉ ተደግኗል። ያን ጌጥ የፈለሰፈው ዳንኤል አይደለም፣ ስዊስም አይደለም። መደቤ ላይ ቆሜ፣ አንዷን ልጅ ብዙ ያደረግኋት እኔ ነኝ። እቴቴን ማየት ፈርቼ እግሬን አየሁ።

እንግዳዋ ወደ አስተርጓሚዋ ጎንበስ ብላ አንድ ነገር ጠየቀች። አስተርጓሚዋ ከዲላ ዩኒቨርሲቲ የመጣች የአዲስ አበባ ልጅ ናት፤ «ላሽ ልበለው? ልዝለለው?» ብላ ለራሷ አጉረመረመች፣ ከዚያ በማጉያው ተረጎመችው፦ «እሷ ምን አለች፣ በእኛ አገር ይህንን የሚያስሩት ላሞች ናቸው።»

ዳንኤል ግን ጮሌ ነው። «ባህል አገር ሲያቋርጥ ይለወጣል» አለና ራሱ አጨበጨበ፣ ሕዝቡም ተከተለው። ልጆቹ እንደገና ዘለሉ።

ቤቱን ሲያስጎበኙ እቴቴን ደግፌ ገባሁ። ወለሉን ሰም አስበልተውታል። ቃጭሉ ከሰዓቱ ጎን፣ ከሁሉም ዝቅ ብሎ፣ የልጅ ደረት በሚደርስበት ከፍታ ላይ ተሰቅሏል። ጠፍሩ ደርቆ እንደ ቅርፊት ሆኗል። ጎንበስ ብዬ ከሥሩ አየሁ። ቃጫው እንዳለ ነው፣ ጠቁሯል፣ ዙሩ ግን ጥብቅ ነው፤ የልጅ እጅ የጠመጠመው መሆኑ በቋጠሮው ትንሽነት ይታወቃል።

እቴቴ ዳንኤልን በእጅጌው ያዘችው። «ልጄ፣ እሱን አውርድልኝ።»

«እናቴ፣ ቅርስ እኮ ነው። ተመዝግቧል፣ ከግድግዳው አይነቃነቅም።»

«የእኔ ነው።»

ሳቀ። ክፋት ያለበት ሳቅ እንኳ አይደለም፣ አሮጊት የሚያባብሉበት ሳቅ ነው። ወደ አስተርጓሚዋ ዞሮ፣ እዚህ ቤት ያደገች እናት ናት በያት፣ ቤቱን ከመውደዷ የተነሣ ዕቃውን ሁሉ የእኔ ነው ትላለች በያት አለ። ተተረጎመ። እንግዳዋ ልቧ ተነካ፤ እቴቴን አቅፋ ሳመቻት። ከዚያ ጠረጴዛው ላይ ከአገሯ ያመጣችው ፎርማጆ ተቆራርጦ ነበርና፣ ጉርሻ የሚባለውን ነገር አስተምረዋት ኖሮ፣ አንድ ቁራጭ አንስታ ወደ እቴቴ አፍ ዘረጋች። የሽታውን ነገር አልናገርም። ሁሉም ስልኩን ደግኖ፣ ሁሉም ፈገግ ብሎ ይጠብቃል። ጉርሻ ይመለሳል? እቴቴ አፏን ከፈተች። ሳሎኑ በጭብጨባ ተናጋ፤ ዳንኤል «ሁለተኛ! ሁለተኛ!» አለ።

እቴቴ እጄን ጨብጣ ወደ ጓሮ ሳበችኝ። እንሰቱ ሥር እስክንደርስ ጉንጯ ውስጥ ይዛው ነበር። ተፋችው፣ በእግሯ አፈር አለበሰችው፣ በእንሰት ቅጠል ላይ የቆመውን የዝናብ ውኃ አዘንብላ አፏን ሦስቴ ተጉመጠመጠች።

«ሽታውን ነበር የማውቀው» አለች። «ጣዕሙን ዛሬ ነው ያወቅኩት።»

«እቴቴ፣ ሙሉውን በላችው ትዪን አልነበር? ቅርፊቱን እንኳ አላስቀረችም ትዪን አልነበር?»

«ልጅቷን ያበላኋት ለእናንተ ስል ነው» አለችኝ። «ሆዳችሁ ይጮኽ ነበር። እኔ በጠዋት ቃጫውን ጠምጥሜ ዝም ብዬ ወረድኩ እንጂ ወደ ምድር ቤት ዞርም አላልኩ። ሆዴ ባዶ ነበር፣ ዲላ እስክደርስ።»

እንሰቱ ሥር ድንጋይ ላይ አስቀመጥኳትና ወደ ቤቱ ተመለስኩ። ምሳ ቀርቦ ሁሉም ወደ ድንኳኑ እየተጋፋ ነው፤ ሳሎኑ ውስጥ ራሷን ፎቶ የምታነሳ አንዲት ልጅ ብቻ አለች፣ ፊቷ ወደ መስኮቱ ነው። ግድግዳው ዘንድ ሄድኩ። ቃጭል ቃጭል ነው፣ ሲያነሡት መጮኹ አይቀርም። አነሣሁት። አልጮኸም። ከነጠላዬ ሥር አድርጌ በሚጋፋው ሰው መካከል፣ በዳንኤል አጠገብ፣ በሽንኩርት ሻጯ አጠገብ አለፍኩ፤ በረንዳውን ወረድኩ፤ አልጮኸም። ያች ትንሽ ልጅ ከስልሳ ዓመት በፊት የጠመጠመችው ቃጫ እኔን ደብቆ አወጣኝ።

ባጃጁ ውስጥ ሰጠኋት። ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። እስከ ወናጎ፣ ከወናጎ እስከ ዲላ፣ እነዚያ ጣቶቿ ሲፈቱ ነበር፤ ቡላው እንደ ድንጋይ ደርቆ ነበርና በጥፍሯ እየፈረፈረች፣ ዙር በዙር። ግቢያችን ስንገባ ቃጫው አልቆ ቃጭሉ አንድ ጊዜ ጮኸ፤ ቅልጭ። በር ላይ የነበሩት ልጆች ዞር አሉ። እቴቴ እጇን ጨበጠችበትና ቀጥታ ወደ ሽንት ቤቱ ሄደች። ጉድጓዱ ውስጥ ስትጥለው ሰማሁ። ወጥታ በላርጎ ሳሙና እጇን ታጠበች፣ እንደገና ታጠበች፣ ክርኗን ሳይቀር።

«ቃጫውስ?» አልኳት።

«እሱ የእኔ ሥራ ነው» አለችና መሐረቧ ውስጥ ቋጠረችው።

ዳንኤል በሳምንቱ ደወለልኝ። ቅርሱ ተሰረቀ፣ ገበያ ላይ የሰማሽው ነገር አለ ወይ አለ። አልሰማሁም አልኩት። ቢያምንም ባያምንም ይኸው አሁን ጽፌዋለሁ። እነዚያ ስድስት ልጆች ግን አሁንም እንግዳ በመጣ ቁጥር በቃጭል እንደሚዘልሉ ሰምቻለሁ። ሁለት ጊዜ ዳንኤል ዘንድ ሄጄ፣ ውሸት ነው፣ እኔ ነኝ የጨመርኩት ብዬ ነገርኩት። አንቺ ሴትዮ ደግሞ ታበዣለሽ ብሎ ሸኘኝ። አፌን አስታውሼ ራሴን የምጸየፈው ያኔ ነው።

ዛሬም ግቢያችን ውስጥ መብራት ይጠፋል። ልጆቹ አሁን እኔ በር ላይ ነው የሚሰበሰቡት፤ እቴቴ ከእኔ ጎን በርጩማ ላይ ተቀምጣ ፍሙን ታያለች፣ ጣቶቿ ቀሚሷ ላይ ይለቅማሉ። የቃጭሏን ልጅ አውሪልን ይሉኛል። እኔም አወራለሁ፣ ድምፁን ግን አላሰማም፤ ቅልጭ ማለት ከአፌ አይወጣም። ምድር ቤቱ ዘንድ ስደርስ ሁልጊዜ እቆማለሁ። ወደ እቴቴ አያለሁ፣ እሷ ወደ ልጆቹ ሆድ ታያለች፣ ከዚያ አገጯን ከፍ ታደርግልኛለች።

እኔም ልጅቷን አበላታለሁ።